ከአስር ቁጥር ወደ ስድስት ላወረዱህ ልጅ፣ ለሌሎቻችሁም

ባለፈው አንድ ልጅ ጻፈልኝ። 19 ዓመቱ ነው፣ አስር ቁጥር (ከአጥቂው ጀርባ ሆኖ ጎል የሚፈጥር አማካይ) ሆኖ ነው ያደገው፣ አሁን አዲስ አሰልጣኝ መጣና ከተከላካዮቹ ፊት አቁሞ ተከላካይ አማካይ፣ ማለትም ስድስት ቁጥር አድርጎ እያጫወተው ነው። "ኮች፣ ጎል ቀረ፣ አሲስት (ለጎል ማቀበል) ቀረ፣ ማንም አያየኝም፣ ክለብ ልቀይር ወይ?" ነው ያለኝ። በሁለት መስመር ልመልስለት ነበር፣ አቃተኝ። ጥያቄው ወደ አንድ ሰው ነው የወሰደኝ፣ ስለዛ ሰው ደግሞ ለማንም በደንብ አውርቼ አላውቅም።

እኔ በምጫወትበት ጊዜ አንድ ስድስት ቁጥር ነበረን። ስሙን አልጠራም፣ እሱም ስሜ ይጠራልኝ የሚል ሰው አይደለም። ፈጣን አይደለም፣ ረጅም አይደለም፣ ጎል ሲያገባ ያየሁትም ትዝ አይለኝም፣ ከጨዋታ በኋላ ማይክ የሚደቅንበት ጋዜጠኛም የለም። ግን እሱ በቢጫ ካርድ ታግዶ በማይገባበት ቀን ሁላችንም መጥፎ ተጫዋች እንሆን ነበር። ያኔ ለምን እንደሆነ አስረዳ ብትሉኝ አላስረዳም፣ ብቻ እሱ ካለ ኳስ ስቀበል ቀና ብዬ የማይበት ጊዜ አለኝ፣ እሱ ከሌለ ኳሷና ተከላካዩ እኩል ነው የሚደርሱብኝ።

ልምምድ ላይ አንድ የሚያናድድ ጨዋታ ነበረው። ኳስ ወደ አንተ ልትመጣ ስትል ከጀርባህ ሆኖ "ከኋላህ ማነው?" ይልሃል። መልሱን ካላወቅክ ኳሷን ይነጥቅህና ዝም ብሎ ይሄዳል። ዞረህ ብታይም ዘግይተሃል። "ኳሷ የጓደኛህ እግር ስር እያለች ነው የሚታየው፣ አንተ ጋ ከደረሰች በኋላ እሷን ብቻ ነው የምታየው" ይል ነበር። ወጣቶቹ እንስቅበት ነበር። ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው ጌየር ዮርዴት የሚባል የኖርዌይ ተመራማሪ ይሄንኑ ነገር ኳሷን ሳይሆን ተጫዋቹን ብቻ በሚከተል ካሜራ እንዳጠናው፣ እነ ዣቪና ላምፓርድን የመሳሰሉ አማካዮች ኳስ ከመቀበላቸው በፊት በነዛ ጥቂት ሰከንዶች ስንቴ አንገታቸውን እንደሚያዞሩ እንደቆጠረ ያነበብኩት። የኛ ሰውዬ ያለ ካሜራ ደርሶበታል።

ከዛ አሰልጣኛችን እኔን ከአስር ቁጥር አንስቶ እሱ ቦታ ላይ ማለማመድ ጀመረ። ሁላችንም ገብቶናል፣ የሱ ዕድሜ ገፍቷል፣ ኮንትራቱም ሊያልቅ ነው፣ እኔ ልተካው ነው። እና ቦታውን ማን ያስተማረኝ ይመስላችኋል? አሰልጣኙ አቅጣጫ ብቻ ነው የነገረኝ። ሁሉም ገላውን ሊታጠብ ሲገባ እጄን ይዞ ሜዳ ላይ የሚያስቀረኝ እሱ ነበር። ኳስ ስትቀበል ሙሉ ጀርባህን ለሜዳው አትስጥ፣ ጎንህን አዙረህ ተቀበል ይለኛል። የመስመር ተከላካዩ ወደ ፊት ከሄደ አንተ ሁለቱ ተከላካዮች መሃል ግባ ይለኛል። ፋውል የሚሰራው እነሱ ሜዳ ላይ ነው እንጂ የኛ ቦክስ አጠገብ አይደለም ይለኛል። አውራ፣ አውራ፣ ዝም ያለ ስድስት ቁጥር ግማሽ ተጫዋች ነው ይለኛል። የራሱን እንጀራ ነበር ቆርሶ የሚሰጠኝ፣ እያወቀ።

አንድ ጨዋታ አለ ከአእምሮዬ የማይጠፋ። እኔ ገብቻለሁ፣ እሱ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው። ተጋጣሚያችን ጥሩ አስር ቁጥር አለው፣ ሁልጊዜ እኔ ከማላየው በኩል ይቆማል፣ ዞሬ ስፈልገው ኳሷን ይዞ አልፎኛል። በሱ ጎል ተቆጥሮብን እረፍት ወጣን። መልበሻ ክፍል ውስጥ አሰልጣኙ ሰሌዳው ላይ እየሳለ ይጮሃል፣ እኔ ምንም አይገባኝም፣ የኛ ሰውዬ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና በቀስታ "አስር ቁጥሩን መፈለግ ተው፣ የሚያቀብለውን ሰውዬ እየው፣ የሱ ዳሌ ወዴት እንደዞረ ካየህ ኳሷ የት እንደምትሄድ ታውቃለህ" አለኝ። በቃ ይሄው ነው። ሁለተኛው አጋማሽ ሌላ ጨዋታ ሆነ። ኳሶቹ ራሳቸው እግሬ ስር የሚመጡ ነበር የሚመስለው፣ አስር ቁጥሩ ተስፋ ቆርጦ ወደ መስመር ወጣ፣ እኛ አቻ አደረግን፣ መጨረሻ ላይም አሸነፍን። የአሸናፊነቷ ጎል የጀመረችው እኔ ከነጠቅኩት ኳስ ነው፣ ደጋፊው የዘመረው ለአጥቂው ነው፣ አጥቂው ደግሞ ጎሉ አፍ ላይ ቆሞ ከመንካት ውጪ ምንም አልሰራም (ይሄን ዛሬም ሳገኘው እነግረዋለሁ፣ ይስቃል)። የኛን ሰውዬ ለመጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ቀይረው አስገቡት፣ ኳሷን ያዝ ለቀቅ እያደረገ ሰዓቱን ገደለልን።

የሱ የመጨረሻ ጨዋታ እሷ ነበረች። ማናችንም አላወቅንም። ብዙ ሳይቆይ ክለቡ ውል እንደማያድስለት በስልክ ተነገረው፣ በዛን ሰሞን የመጣ አንድ ሃላፊ የጎልና የአሲስት ሰንጠረዥ ይዞ ነበር ሰው የሚመዝነው፣ ሰንጠረዡ ላይ ደግሞ የኛ ሰውዬ ዜሮ ነው። ስንብት የለ፣ ማልያ ማበርከት የለ። ዕቃውን ሲወስድ እንኳን እኛ የእረፍት ቀናችን ነበር።

ይሄ ነገር ትልልቆቹም ጋ ሆኗል። ሪያል ማድሪድ በ2003 ተከላካይ አማካዩ ማኬሌሌ ደሞዝ ጨምሩልኝ ሲል አልጨምርም ብሎ ለቼልሲ ሸጠው፣ በዛው የዝውውር መስኮት ኮከቡን ቤካምን አመጣ። ከዛ በኋላ ማድሪድ ላሊጋን ያነሳው በ2007 ነው። ቼልሲ ደግሞ በ2004/05 ሻምፒዮን ሲሆን በ38 ጨዋታ የተቆጠረበት ጎል 15 ብቻ ነው። በማኬሌሌ ብቻ ነው አልልም፣ በረኛው ቼክ ነበረ፣ ተከላካዩ ቴሪ ነበረ፣ አሰልጣኙ ሞሪኒዮ ነበረ። ግን ማን እንደሄደና ማን እንደመጣ እዩት።

እኔን የሚቆጨኝ ግን ስንብቱ አይደለም፣ ስንብት የሌለው ተጫዋች ብዙ ነው። የሚቆጨኝ የሱ ቪዲዮ አለመኖሩ ነው። አሁን ልጆች አሰለጥናለሁ፣ "እንዲህ ቁሙ" ብዬ ላሳያቸው እፈልግና የሱን ጨዋታ እፈልጋለሁ፣ የተረፉትን ካሴቶች አገላብጬ አይቻለሁ፣ ካሜራው ኳስ ነው የሚከተለው፣ እሱ ደግሞ ስራውን የሚጨርሰው ኳስ ከመምጣቷ በፊት ነው። ከካሜራው ውጪ ነው ሙሉ ዕድሜውን የተጫወተው። አልፎ አልፎ በጥጉ በኩል ትከሻው ይታይና ይጠፋል። አንዴ ደውዬለት ይሄን ልነግረው ብዬ ስለ ልጆቹና ስለ ጉልበቱ አውርተን ዘጋን።

እና አንተ ልጅ፣ "ማንም አያየኝም" ስትለኝ እውነትህን ነው፣ አልዋሽህም። ብዙ ሰው አያይህም። ግን ጣልያናዊው ፒርሎም አስር ቁጥር ነበር እኮ። በ2001 ብሬሺያ በውሰት ሲሄድ አስር ቁጥሩ ቦታ ላይ ባጂዮ አለ፣ አሰልጣኙ ማዞኔ ወደ ኋላ ሳበው፣ በኋላ ሚላን ላይ አንቸሎቲ እዛው አጸናው፣ ከዛ ከጣልያን ጋር የ2006 ዓለም ዋንጫን አነሳ። ሽዋንስታይገርም የመስመር ተጫዋች ነበር፣ ባየርን ላይ ቫንሃል ነው ወደ መሃል ያስገባው። አሰልጣኝህ ወደ ኋላ ያወረደህ ስለጠላህ ላይሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜ እዛ ቦታ ላይ የሚቀመጠው ጭንቅላቱ የታመነበት ልጅ ነው። ካላመንከኝ ጠይቀው፣ ለምን እዚህ አመጣኸኝ በለው፣ ባኮረፈ ፊት ሳይሆን እንደ ሰው። መልስ ከሌለው ያኔ ሌላ ነገር እናወራለን።

ስለ እንቅልፍ፣ ስለ አመጋገብ፣ ስለ መጠጥ ምናምን አልጽፍም፣ ታውቁታላችሁ።

የዛሬ ልጆች ላይ ግን አንድ ነገር ያናድደኛል። ጨዋታ አታዩም። ሃይላይት (የጨዋታ ቅንጭብ) ነው የምታዩት። አንዱን ስፔናዊውን ስድስት ቁጥር አንስቼ "ትናንት ሮድሪን አየኸው?" ስለው "አዎ፣ ያቺን ጎል" አለኝ። እኔ ስለ ጎሉ አልጠየቅኩትም! ከሃይላይት ውስጥ አማካይነት አይማርም፣ እዛ ውስጥ የለም። አንድ ሙሉ ጨዋታ አንድ አማካይ ላይ ብቻ ዓይናችሁን ተክላችሁ እዩ፣ ኳሷን እርሷት፣ ስታዲየም ከሆነ ደግሞ የበለጠ። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ስልካችሁን ጣሉት እላለሁ ደግሞ ያኔ አንድ ሰው ስልክ ይዞ ያንን ሰውዬ ቀርጾት ቢሆን ብዬ የምመኘው እኔው ነኝ፣ እና እሺ፣ አትጣሉት፣ ግን ራሳችሁን ስትቀርጹ ኳስ የሌላችሁበትን ጊዜም ቅረጹ።

ቁጥርን በተመለከተም እንደዛው። ልምምድ ላይ ጎልና አሲስት አትቁጠሩ እላለሁ። ውል ስትነጋገሩ ግን ቁጥራችሁን ይዛችሁ ግቡ፣ የነጠቃችሁትን ኳስ፣ የተሳካ ቅብብላችሁን፣ የሮጣችሁትን ኪሎ ሜትር፣ አሁን ሁሉም ይመዘገባል፣ የመሃል አማካይ በአንድ ጨዋታ 11 እና 12 ኪሎ ሜትር መሸፈኑ የተለመደ ነው፣ ይሄ ወረቀት ቢኖረው ኖሮ የኛ ሰውዬ አንድ ሁለት ዓመት ይጨመርለት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ስለ ድካምም፣ ሮድሪ በመስከረም 2024 ጨዋታ በዛብን፣ የስራ ማቆም አድማ ወደመምታት እየተጠጋን ነው ብሎ ተናግሮ ቀናት ሳይቆጠሩ ከአርሰናል ጋር ሲጫወቱ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፣ የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ባሎን ዶርን በክራንች ሄዶ ነው የተቀበለው። አንዱ ከሌላው የመጣ ነው ብዬ አልፈርድም። ብቻ ጉልበታችሁ ሲያማችሁ ለሃኪሙ ንገሩ፣ ለአሰልጣኙ ብቻ ሳይሆን ለሃኪሙ፣ አሰልጣኙ የቅዳሜን ጨዋታ ነው የሚያስበው።

ክለብ ስለመቀየሩ ደግሞ፣ መጀመሪያ ውልህ መቼ እንደሚያልቅ እየው። በፊፋ ደንብ ውልህ ስድስት ወር ወይም ከዛ በታች ከቀረው ከሌላ ክለብ ጋር መፈረም ትችላለህ፣ ከዛ በላይ ከቀረው ግን ሁለቱ ክለቦች መስማማት አለባቸው። ከስድስት ወር በላይ ካለህ እሱን ጊዜ እዛው ቦታ ተጫውትበት፣ ምንም አይጎድልብህም። "ቀይር" እያለ የሚወተውትህ ወኪልህ ከሆነ ደግሞ ከዝውውሩ የሚያገኘው ኮሚሽን ስንት እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቀው፣ ፊቱንም እየው።