ያየሁት፣ የገባኝ፣ የተሰማኝ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቤቴ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ሥራዬ መሀል ከተማ ነው። የታክሲ ሰልፉና መንገዱ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታም እንደዚያው ይፈጅብኛል። ያን ሁሉ ጊዜ ሐሳቤ ወይ አለቃዬ ትናንት የተናገረኝ ላይ ነው፣ ወይ የባንኩ ዕዳ ላይ። ቤት ገብቼም ልጆቼ ሲያወሩኝ አልሰማቸውም። ሰው ሁሉ «ዛሬን ኑር» ይለኛል። እንዴት ነው የሚኖረው? ዕዳ ያለበት ሰውስ ነገን ሳያስብ ይሆንለታል?

መልስ፦ ልብ ከቦታው መሄዱ የብዙ ሰው ነገር ነው። ሁለት የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 2,250 ሰዎችን በቀኑ መሀል በስልካቸው እየጠየቁ፣ ከጥያቄዎቹ በ46.9 በመቶው ጊዜ የሰዎቹ ሐሳብ ከያዙት ሥራ ውጭ ሆኖ አግኝተውታል። ሐሳባቸው የሄደባቸው ሰዎች ደስታ ዝቅ ያለ ነበር። ደስ የሚል ነገር እያሰቡ የነበሩት እንኳ ሥራቸው ላይ ካሉት የተሻለ ደስታ አልነበራቸውም።

ለልምምዱ የተለየ ሰዓት አይፈልጉ፤ ሰልፉ ይበቃል። ስልክዎን ኪስ ይክተቱ። ክብደትዎ ተረከዝዎ ላይ ይሁን ጣቶችዎ ላይ ልብ ይበሉ። ከዚያ አተነፋፈስዎን ሳይቀይሩ፣ ሲያስወጡ ብቻ እየቆጠሩ ከአንድ እስከ አሥር ይሂዱ፤ አሥር ሲሞላ እንደገና ከአንድ ይጀምሩ። ሳያውቁት አሥራ ሰባት ላይ ከደረሱ፣ ወይም ቁጥሩ ጠፍቶ ከአለቃዎ ጋር እየተከራከሩ ከተገኙ፣ ራስዎን ሳይወቅሱ ወደ አንድ ይመለሱ። ሐሳብዎ መሄዱን ያወቁባት ቅጽበት ዋናዋ ናት፤ የሚለመደው እሱን ቶሎ ማወቅ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ በኋላ አሥር ደቂቃ ያድርጉት።

ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንዱ በግድ በጥልቀትና በፍጥነት መተንፈስ ነው፤ ከደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ራስ ያዞራል፣ ጣትም ይነዝራል። ያን ጊዜ ቆጠራውን ትተው እንደ ልማድዎ ይተንፍሱ። ሌላው ሐሳብን ጨርሶ ለማጥፋት መታገል ነው። ሐሳብ በትግል አይጠፋም፤ ይብሳል።

ለልጆቹ ደግሞ ደጁ ላይ ሲደርሱ ሦስት ጊዜ ይተንፍሱና ይግቡ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ስልክ አይንኩ፤ ልጁን ፊቱን እያዩ ንግግሩን እስኪጨርስ ይስሙት።

ዕዳውን በተመለከተ፣ ማቀድም ዛሬ የሚሠራ ሥራ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሃያ ደቂቃ ይመድቡለትና ወረቀት ላይ ይሥሩት፦ ስንት ነው፣ መቼ ይከፈላል፣ ገንዘቡ ከደመወዝ ነው ወይስ ከዕቁብ፣ በዚህ ሳምንት የሚደረገው ምንድን ነው። በሌላ ቀን ታክሲ ውስጥ ሲመጣብዎ «ዛሬ የማደርገው ነገር አለ?» ብለው ይጠይቁ። ካለ ይጻፉት፤ ከሌለ ወደ ቆጠራው ይመለሱ። ዕዳውን በቀን ሃያ ጊዜ ማመንዠክ ማቀድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ነው የምኖረው። ቁጭ ብዬ ትንፋሽ ስቆጥር እንቅልፍ ይወስደኛል።

መልስ፦ እንግዲያው አይቀመጡ፤ ቡና ሲቆሉ ያድርጉት። አረንጓዴው ፍሬ መጀመሪያ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ሽታው የደረቀ ሣር ይመስላል። ከዚያ ቡናማ ይሆናል፣ ያብጣል፣ ገለባው ይለቅና መንጣጣት ይጀምራል። እጅዎ ሳያቋርጥ እያመሰ፣ ዓይንዎ ቀለሙን፣ አፍንጫዎ ሽታውን፣ ጆሮዎ የመጀመሪያውን ንጣጣ ይጠብቅ። ሐሳብዎ ሲሄድ ወደ ቀለሙ ይመለሱ።

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ ነው። አባታችን ሊያርፉ ሲሉ ስለ ጓሮው ቦታ ተናገሩ። እኔና ታላቅ እህቴ አብረን ነበርን። እኔ «ለአንተ» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እሷ «ለሁለታችሁ ነው ያለው» ትላለች። ሊያስታርቀን የመጣ ዘመድ «ለሁሉም የየራሱ እውነት አለው» ብሎን ሄደ። ይህ ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም፤ ግማሹ ግን ልክ ነው። ምን እንደተሰማዎ፣ ምን እንደገባዎ ከእርስዎ በላይ የሚመሰክር የለም። ከአባትዎ አፍ የወጣው ቃል ግን አንድ ነው፤ ሁለት ሰው ስለሰማው ሁለት አይሆንም። ሁለታችሁም ሳትዋሹ ልትለያዩ ትችላላችሁ። በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በተሠራ ሙከራ ሰዎች የመኪና ግጭት ፊልም እንዲያዩ ተደረገና ስለ ፍጥነቱ ተጠየቁ። «ሲነካኩ» ተብለው የተጠየቁት በአማካይ በሰዓት 51 ኪሎ ሜትር ገደማ አሉ፤ ስለዚያው ግጭት «ሲንኮታኮቱ» የተባሉት 66 ገደማ። እነዚያው ተመራማሪዎች በሌሎች ሰዎች ላይ በሠሩት ሁለተኛ ሙከራ ደግሞ «ሲንኮታኮቱ» ከተባሉት 50 ሰዎች 16ቱ ከሳምንት በኋላ ፊልሙ ላይ ያልነበረ የተሰበረ መስታወት አይተናል አሉ። የጥያቄው አንዲት ቃል ትዝታቸው ውስጥ ገብታለች። እናንተም ጠቡን በየመንገዱ በልባችሁ በደገማችሁት ቁጥር የምትጨምሩበት ነገር ይኖራል።

ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ፊት ከመቀመጣችሁ በፊት ሁለታችሁም ለየብቻ አንድ ገጽ ወረቀት ሦስት ቦታ ክፈሉ። አንደኛው ላይ ዓይን ያየውና ጆሮ የሰማው ብቻ ይጻፍ፦ ቀኑ፣ ክፍሉ ውስጥ ማን ማን እንደነበረ፣ ንግግሩ ከምን እንደተነሣ፣ ቃሉ ሳይቀየር። ሁለተኛው ላይ ከዚያ የገባችሁ፣ ሦስተኛው ላይ የተሰማችሁ። አንዳችሁ የሌላውን ሳታዩ ጨርሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንደኛው ላይ ነው፤ «እኔን ይመርጥ ነበር» ብሎ እዚያ ይጽፋል። እሱ ሁለተኛው ላይ ነው ቦታው። ቃሉን ካላስታወሱት «አላስታውስም» ብለው ይጻፉ፤ ባዶውን በግምት አይሙሉ።

ሽማግሌዎቹ ፊት መጀመሪያ የሚነበበው አንደኛው ክፍል ነው። የሚገጥመው ይሰመርበት። በማይገጥመው ላይ ከእናንተ ውጭ ያለ ማስረጃ ይፈለግ፦ ሦስተኛ ሰው፣ የይዞታ ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ። ሕጉም የአንድን ሰው ትዝታ ብቻውን አያምንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜ ለሁለት ምስክሮች እንዲነገር ይጠይቃል፤ በቃል ሊተላለፍ የሚችለውንም ነገር በጣም ያጠብባል። ስለዚህ የቦታውን ነገር ጠበቃ ያማክሩበት።

ሦስተኛው ክፍል ግን ማስረጃ አይጠየቅበትም። እህትዎ «ያስታመምኩት እኔ ነኝ፤ ተረሳሁ» ብላ ጽፋ ከሆነ በካርታ አይመለስላትም። «አልተረሳሽም» ብለው ለመከራከርም አይቸኩሉ፤ እስክትጨርስ ይስሟት። ደረትዎ ሲግል እግርዎ መሬት መንካቱን ልብ ይበሉ፣ አንድ ጊዜ ይተንፍሱ፣ ከዚያ «ትዋሻለች» ሳይሆን «እኔ የሰማሁት ይህን ነው» ይበሉ። ጓሮው በሕግ ቢከፋፈል እንኳ ይህ ሳይሰማ ከቀረ ጠቡ በሌላ በር ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ከቡራዩ ነኝ። ትንፋሼን ለማዳመጥ ዓይኔን ስጨፍን ያለፈ ክፉ ነገር ይመጣብኛል፤ ልቤ ይመታል።

መልስ፦ ዓይንዎን አይጨፍኑ፤ ትንፋሹንም ይተዉት። የሚያዩዋቸውን አምስት ነገሮች ጮክ ብለው ይጥሩ፣ ሁለቱን እግርዎን መሬት ላይ ይጫኑ፣ ቀዝቃዛ ውኃ እጅዎ ላይ ያፍስሱ። ካልበረደልዎ ያቁሙት፤ ታግሎ መቀጠል አይጠቅምም። ነገሩ ከወር በላይ እንቅልፍዎን ወይም ሥራዎን ከነሣዎ አቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱና ወደ አእምሮ ሐኪም እንዲመሩዎ ይጠይቁ። መቼ እንደጀመረዎ፣ በምን ጊዜ እንደሚብስ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኙ ጽፈው ይዘው ይሂዱ።