ክኒን እየዋጡ ጸበል መጠመቅ እምነት ማጉደል ነው ወይ?

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከቢቸና ነው። እናቴ ስኳርና ደም ግፊት አለባት፤ ክኒን ትወስድ ነበር። በፍልሰታ ጸበል ወርዳ ጠዋት ክኒኗን ውጣ፣ እስከ 9 ሰዓት እህል ሳትቀምስ ስትቆም ላብ አጠመቃት፤ ተንቀጥቅጣም ወደቀች። አጠገቧ የነበሩት «መንፈሱ ነው፣ ክኒኑን ጠልቶት ነው፤ ጣይው» አሏት። ከዚያ ወዲህ አልነካም ብላለች። ስለምናት «እምነት የለሽም» ትለኛለች። እውነት ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ኃጢአት አይደለም። ሲራክ በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር ያስገኘው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ አስተዋይም እንደማይንቀው ይናገራል። ንጉሡ ሕዝቅያስ እንደሚድን ከእግዚአብሔር ዘንድ ቃል ከመጣለት በኋላ እንኳ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ አስደርጎለታል። ተስፋው ተሰጥቶ በለሱ አልቀረም። በእኛም ዘመን አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረዋል።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ያ መንቀጥቀጥ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ሆኖም ስኳር ያለባቸው ብዙ ምእመናን ስለሚመጡብኝ ጠይቄ የተረዳሁትን ልንገርሽ። ግሊቤንክላሚድ እንደሚባለው ያለ ክኒን የሚወሰደው ከምግብ ጋር ነው። ክኒኑ ስኳሩን ሲያወርድ ከሆድ የሚተካው እህል ካጣ፣ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ሰው ላብ በላብ ይሆናል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ዐይኑ ይጨልማል፣ ይቀባጥራል፣ ይወድቃል። ባያዩት ርኩስ መንፈስ የያዘው ይመስላል። መንፈስ የለም አላልኩም፤ ስንቱን አይቻለሁ። ነገር ግን «ማን ነህ፣ ልቀቅ» ከማለት በፊት «እናቴ፣ ዛሬ እህል ቀምሰዋል?» ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል? ራሳቸውን ካልሳቱ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከሳቱ ምንም በአፋቸው ሳይጨምሩ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነበር።

በእርግጥ እንደ ግሽ ዓባይ ያለው ጸበል በባዶ ሆድ የሚወረድበት ነው። ይህ ለጤነኛ ሥርዓት ነው። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲደነግግ ሕመምተኛውን ለይቶ ያሳርፋል። እናትሽ የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ ሰዓቱን ይፈቱላቸዋል። እንጀራ በሽሮ ጠዋት ቢበላም የጾም ምግብ ነው፤ የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው! ለመቁረብ ሲያስቡም ቀደም ብለው ሐኪሙን ይጠይቁ፤ የዚያን ዕለቱ ክኒን ከቅዳሴ በኋላ ከምግብ ጋር ይሆን እንደሆነ እሱ ይነግራቸዋል።

ደግሞም ብዙ ጊዜ የሚጎዳን አለማመን ሳይሆን የተነገረንን አለመረዳት ነው። ጉባኤ ቤት ሳለን አብሮን ቅኔ የሚቆጥር ልጅ ቁስል ወጥቶበት መድኃኒት ተሰጠው፤ «በየ8 ሰዓቱ ዋጥ» አሉት። እሱ ታዲያ በየቀኑ ልክ 8 ሰዓት ሲሆን አንድ ፍሬ ይውጣል! በቀን ሦስቱ መሆኑን የነገረው የለም። ሰምና ወርቅ ሲፈታ የሚውል ልጅ ሰሙን ይዞ ቀረ። የእናትሽም የግፊት ክኒን እንዲሁ ነው። የወሩ 30 ፍሬ ሲያልቅ ሕመሙ አብሮ ያለቀ ይመስላቸው ይሆናል። ግፊት ሳያም ነው የሚጎዳ፤ ደኅና ነኝ ተብሎ አይቋረጥም። ቡና ላይ ከጎረቤት ክኒን መዋዋስም ደግነት እየመሰለን የምናደርገው ጉዳት ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ከርመው የተዉትን ክኒን በራሳችሁ አታስጀምሩ፤ የቀረውን ከነማሸጊያው ይዛችሁ ወደ ሰጣቸው ሐኪም ሂዱ። የጸበሉንም የውድቀቱንም ነገር ሳታፍሩ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት በምን ያውቃል? እያንዳንዱ ለምን እንደሆነ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ፣ በጾም ቀን እንዴት እንደሚሆን ያስረዳችሁ። እናትሽንም አትቆጫቸው። ሐኪሙ ጀምሩ ካላቸው በኋላ ልባቸው ካልተረጋጋ ክኒኑን በጸበል ይዋጡት፤ እህሉ ግን አይቅር።