ከጅረት የተገኘ የተጠቀለለ ድንጋይ

ጥያቄ፦ የምኖረው በሰሜን ሸዋ ነው። ክረምቱ እንደ ወጣ ወደ ጀማ ወንዝ በሚወርድ አንድ ጅረት ውስጥ መዳፍ የሚያህል፣ የተጠቀለለና ጎኑ የተሰበረ ግራጫ ድንጋይ አገኘሁ። ጎረቤቶቼ የሙክት ቀንድ ወደ ድንጋይ ተለውጦ ነው ይላሉ፤ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው የሚልም አልጠፋም። ፎቶውን ልኬላችኋለሁ። ምንነቱንና ምን ማድረግ እንዳለብኝ ብትገልጹልኝ።

መልስ፦ የላኩልን ፎቶ ጥርት ያለ በመሆኑ ያለ ብዙ ማመንታት ያገኙት የአሞናይት ቅሪተ አካል ነው ማለት እንችላለን። አሞናይት የስኩዊድና የኦክቶፐስ ዘመድ የሆነ፣ በቅርፊት ውስጥ ይኖር የነበረ የባሕር እንስሳ ሲሆን ዘሩ የጠፋው ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው።

የቀንድ አውጣ ቅርፊት ሲጠመዘዝ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ ጎን ሾጠጥ ይላል፤ የእርስዎ ግን በአንድ ዝርግ ላይ የተጠቀለለ ስለሆነ መሐሉ በሁለቱም ገጽ ጎድጎድ ብሏል። ጥርጣሬውን የሚያስወግደው ግን የተሰበረው ጎን ነው። እዚያ ላይ ውስጡ በቀጫጭን ግድግዳዎች ተከፋፍሎ ይታያል፤ ገሚሶቹ ክፍሎች ካልሳይት በተባለ ማዕድን ነጭ ብልጭታ፣ ገሚሶቹም በደረቀ ግራጫ ጭቃ ተሞልተዋል። እንዲህ ያለ ክፍልፋይ በሙክት ቀንድ ውስጥ የለም። ዛሬም በባሕር ውስጥ በሕይወት ያለው የአሞናይት ዘመድ፣ ናውቲለስ፣ ክፍልፋዮች አሉት፤ ይሁን እንጂ የእርሱ ግድግዳ ከቅርፊቱ ጋር የሚገናኝበት መስመር ለስላሳ ሲሆን በእርስዎ ድንጋይ ላይ ያለው መስመር እንደ ጎመን ቅጠል ጠርዝ የተጨማደደ ነው። የትኛው የአሞናይት ዝርያ እንደሆነ ለመለየት ግን ባለሙያ በእጁ ይዞ ሊያየው ይገባል።

የባሕር እንስሳ በደጋማው አገር መገኘቱ ሊያስገርምዎ አይገባም። በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ አካባቢው ጥልቀት በሌለው ባሕር ተሸፍኖ ስለነበር በትግራይ በምትገኘው አንጣሎ ስም የሚጠራው የኖራ ድንጋይ የተነጠፈው ያኔ ነው። በኋላ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ የፈሰሰው እሳተ ገሞራ በጥቁር ድንጋይ ሸፈነው፤ ዓባይና ጀማ ደግሞ ያን ሁሉ ሰንጥቀው የታችኛውን የድንጋይ ንብር ገለጡት።

ጅረት ውስጥ የተገኘ ድንጋይ ችግሩ ጎርፍ ከየትኛው ንብር እንዳወረደው አለመታወቁ ነው። በእርስዎ ድንጋይ ገጽ ላይ ያሉት ሽንትሮች ገና ሹል ስለሆኑ ብዙ አልተንከባለለም፤ ስለዚህ ጅረቱን ሽቅብ ተከትለው በገደሉ ላይ ተመሳሳይ ግራጫ ንብር መኖሩን ዐይተው ቦታውን በጽሑፍና በፎቶ ይያዙ። መቆፈር ግን አይገባም። በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ማጠብም ፈጽሞ አይሞክሩ፤ አሲድ የኖራ ድንጋይን ስለሚበላ መጀመሪያ የሚጠፋው ያ የተጨማደደው መስመር ነው።

በመጨረሻም፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲገለጽ ያዛል። ስለዚህ ድንጋዩን ከነቦታው መግለጫ ይዘው በቅድሚያ ለወረዳዎ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ፤ እስከዚያው ገዥ ነኝ የሚል ቢመጣ እንኳ አሳልፈው አይስጡት።