ከፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና በኋላ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሕክምናቸውን ከጨረሱ ሰዎችና ከቤተሰቦቻቸው የመጡ ናቸው።

«ፕሮስቴቴ በኦፕራሲዮን ከወጣ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ፒኤስኤህ ዜሮ ነው ተብያለሁ። ምንም አያመኝም፤ ለምን ልመላለስ?» (ከደሴ)

እንኳን ደህና ሆኑ! ክትትሉን ግን አይተዉት። ካንሰሩ ቢመለስ ብዙውን ጊዜ ሕመም ከመሰማቱ በፊት፣ አንዳንዴም ዓመታት ቀድሞ፣ በፒኤስኤ፣ ማለትም ከፕሮስቴት የሚወጣውን ፕሮቲን በሚለካው የደም ምርመራ፣ ይታወቃል። ያኔ ከተደረሰበት በጨረር ሊጠፋ የሚችልበት ዕድል አለ። ወገብ እስኪያም ከተጠበቀ ያ ዕድል ያልፋል። የተለመደው ክትትል በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየ6 ወይም በየ12 ወሩ፣ ከዚያ በኋላ በዓመት አንዴ ነው።

ቁጥሩ የሚነበበው እንደተደረገው ሕክምና ነው። ፕሮስቴቱ ለወጣለት ሰው 0.2 ደርሶ፣ ሲደገምም ካልወረደ፣ እንደ መመለስ ይቆጠራል። በጨረር ለታከመ ሰው ግን ፕሮስቴቱ እዚያው ስላለ ቁጥሩ ዜሮ ላይገባ ይችላል። እሱ የሚያሰጋው ከወረደበት ዝቅተኛ ቁጥር በ2 ሲጨምር ነው። ስለዚህ ውጤትዎን ከሌላ ሰው ውጤት ጋር እያስተያዩ አይጨነቁ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ቀኑን፣ ቁጥሩንና የላብራቶሪውን ስም በደብተር ይያዙ፤ ከተቻለም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይመርመሩ። ካርድ ይጠፋል፣ ሐኪምም ይቀየራል።

«ባለቤቴ ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ሽንት ያመልጠዋል። ለቅሶ ቤት መሄድ እንኳ ትቷል። ሌላም ነገር አለ፤ ለመጻፍ አፍሬ ነው።» (ከአዲስ አበባ)

እህቴ፣ ሁለቱንም ልመልስልሽ። ሽንቱ በብዙዎች ላይ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ እየተሻለ ይሄዳል። የሚያግዘው የጡንቻ ስፖርት ነው። ፈስ እንደሚይዝ ሰው ከውስጥ ጨምቆ 5 ሰከንድ ይያዝ፣ ይልቀቅ፣ 10 ጊዜ ይደጋግም፤ ይህን በቀን 3 ጊዜ። ትንፋሹን አይያዝ፣ ሆዱንም አያጥብቅ። ሊያስል ወይም ከወንበር ሊነሳ ሲል ቀድሞ ይጨምቅ። ውሃ መጠጣት ማቆም አይጠቅመውም፤ የወፈረ ሽንት ፊኛን ያስቆጣል። እስኪሻለው ፓድ አድርጎ ይውጣ። ሰው መሃል አለመገኘቱ ከሽንቱ በላይ ይጎዳዋል። ዓመት አልፎም ካልተሻለው በቀዶ ሕክምና የሚስተካከልበት መንገድ አለ።

ያፈርሽበት ጉዳይ የመኝታው ይመስለኛል። ብልትን የሚያቆሙት ነርቮች እስኪያገግሙ እስከ 2 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። የዘር ፈሳሽ አለመውጣቱ ግን ዘላቂ ነው፤ ጉዳት የለውም። እንደ ሲልደናፊል ያሉ መድኃኒቶች ይረዳሉ፤ ናይትሬት የሚባለውን የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግን አደገኛ ናቸው። ስለዚህ ያለ ሐኪም አይግዛ። ቀጠሮው ላይ አብራችሁ ግቡና ጠይቁ። ሐኪሙ ዘንድ ይህ አዲስ ጥያቄ አይደለም።

«አባቴ በየ3 ወሩ የሆርሞን መርፌ ይወጋል። ሌሊት ላብ ያሰምጠዋል፣ ጡንቻው አልቋል፣ ይነጫነጫል። እርጅና ነው?» (ከሜሪላንድ)

እርጅና ብቻ አይደለም። መርፌው የወንዴውን ሆርሞን ስለሚያጠፋ ነው። የዘር ፍሬያቸው በኦፕራሲዮን የወጣላቸው አባቶችም ያው ይገጥማቸዋል። አጥንት ይሳሳል፣ ቦርጭ ይወጣል፣ ስኳርና የልብ ሕመምም ሊከተሉ ይችላሉ። የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ፣ የስኳር፣ የኮሌስትሮልና የደም ግፊት ልኬት ጠይቂላቸው። በየቀኑ ይራመዱ፤ ቀላል ክብደት ማንሳት ቢጨምሩበት ለጡንቻም ለአጥንትም ይበጃል። ጾመኛ ከሆኑ ጎመንና ሰሊጥ አይጉደል፤ ስለ ቫይታሚን ዲም ሐኪሙን አማክሪ። ንጭንጩ ድብርት ሊሆን ስለሚችል እሱንም ለሐኪሙ ንገሪ።

አዲስ የጀርባ ሕመም መጥቶ እግራቸው ከዛለ ወይም ከደነዘዘ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይድረሱ።

«አባቴ ታሟል። እኔ 42 ዓመቴ ነው፤ ልመርመር?» (ከዱባይ)

አዎ፣ ሐኪም አማክር። አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው ተጋላጭነቱ እጥፍ ገደማ ነው። በቤተሰቡ የጡት ወይም የእንቁልጢ (የሴት እንቁላል የሚመረትበት አካል) ካንሰር ካለም ተናገር፤ አንዳንዴ የሚወረሰው ዘረ መል አንድ ነው።

«ጨረር ከጨረስኩ 3 ዓመት ሆነኝ። ሰገራዬ ላይ ደም አያለሁ፤ ኪንታሮት ነው ብዬ ተውኩት።» (ከሐዋሳ)

አይተዉት። ጨረር ከዓመታት በኋላም አንጀትን ሊያደማ ይችላል፤ ሌላ በሽታም ሊሆን ይችላል። አንጀትዎን በመሣሪያ ሲታዩ «ፕሮስቴቴ ላይ ጨረር ወስጃለሁ» ብለው ቀድመው ይንገሩ። ጨረር ካረፈበት የአንጀት ግድግዳ ናሙና ከተቆረጠ ቁስሉ አልድን ሊል ይችላልና ሐኪሙ ይህን አውቆ መጀመር አለበት።