መልስ፦ ሮምን በምግቧ ለማወቅ ከቴስታቾ ጀምር

ወንድሜ፣ «ሮም ሁለት ቀን ብቻ ነው የምቆየው፣ የት ልብላ?» ላልከው፤ እኔ ብሆን ከኮሎሲየም ዙሪያ ሸሽቼ ቴስታቾ የሚባል ሰፈር እገባ ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 1975 የከተማዋ ቄራ እዚያ ነበር። ምርጡ ሥጋ ለባለገንዘብ ሲሄድ፣ ለሠራተኛው የሚተርፈው ጨጓራና ጭራ ነው። ሮማውያን የሚኮሩበት ምግብ ከዚያ ትርፍራፊ ተወለደ። «ትሪፓ አላ ሮማና» እዘዝ፤ ጨጓራው በቲማቲም ስጎ በስሎ፣ የበግ ወተት አይብና ናና ጣል ተደርጎበት ይመጣል። ዱለት ለለመደ ሰው እንግዳ አይደለም። ሚጥሚጣው ግን ይናፍቅሃል!

አሳማ የማትበላ ከሆነ ተጠንቀቅ፤ ካርቦናራና አማትሪቻና የሚባሉት ፓስታዎች ውስጥ የአሳማ ጉንጭ አለ። «ካቾ ኤ ፔፔ» በለው፤ ፓስታ፣ አይብና ቁንዶ በርበሬ ነው፣ አለቀ።

ጾም ከሆነ ደግሞ ወደ ድሮው የአይሁዶች ሰፈር ሂድ። አርቲቾክ የሚባለውን አትክልት እንዳለ በዘይት ይጠብሳሉ። እንደ አበባ ተከፍቶ ይቀርባል፤ ጫፉ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል፣ መሀሉ ለስላሳ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ከሄድክ ወቅቱ ነው።

ማኪያቶህን ቆመህ ጠጣ። ወንበር ከሳብክ ብዙ ቦታ ዋጋው ይጨምራል።