አፑ አሪፍ ነው፣ ውሃውንስ አያችሁት?

የማሪታይም ትምህርት ጨርሳችሁ መርከብ ልትሳፈሩ ያላችሁ፣ ወይም እዚሁ ባሕር ዳር ጀልባ የያዛችሁ ልጆች፣ ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ ስለ መሣሪያ ነው። የቱ ጂፒኤስ ይሻላል፣ የቱ አፕ አሪፍ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት መርከብ ላይ ነው፤ ግን የወረቀት ካርታ የሚናፍቀኝ ሽማግሌ እንዳልመስላችሁ። ኤክዲስ የሚባለው ኤሌክትሮኒክ ካርታ ሲመጣ እፎይ ካሉት አንዱ ነኝ። ቦታችሁን ሳያቋርጥ ያሳያል፣ ጥልቀቱ ከወሰናችሁት በታች ወዳለበት ስትጠጉ ይጮሃል። ኤአይኤስ፣ መርከቦች ማንነታቸውንና ቦታቸውን በሬዲዮ የሚያሳውቁበት መሣሪያ፣ ደግሞ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን መርከብ ስምና ፍጥነት ይነግራችኋል። በጠባብ ቦይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ የት ላይ እንደምትተላለፉ ቀድማችሁ ካወቃችሁ ከሩቁ ቀስ ትላላችሁ፣ ደርሶ መቆምና ነዳጅ በከንቱ ማቃጠል ይቀራል።

ግን ስክሪኑ የት እንዳላችሁ ነው የሚያሳያችሁ። ውሃው ምን ሊያደርጋችሁ እንዳሰበ አያውቅም። ትልቅ መርከብ ጠባብና ጥልቀት የሌለው ቦይ ሲገባ የሚገፋው ውሃ መሄጃ ያጣል። በጎንና በሥር እየተሽቀዳደመ ያልፋል፣ እዚያ ግፊቱ ይቀንሳል፣ መርከቧም ዝቅ ትላለች። ወደ አንዱ ዳር ከተጠጋችሁ ደግሞ ኋላዋ ወደ ዳሩ ይሳባል፣ አፍንጫዋ ወደ ወዲያኛው ይዞራል፣ መሪውን ብትጠመዝዙም እሺ አትልም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይሄ ነው። መድኃኒቱ ፍጥነት መቀነስ ነው። በግማሽ ብትቀንሱ ዝቅ የምትሉበት ልክ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል፣ ነዳጁም ይተርፋል። ሰዓት እያየ የሚቸኩል ካፒቴን ይሄን መስማት አይወድም።

እ.ኤ.አ. በ2021 ስዊዝ ቦይን ለ6 ቀን የዘጋችው የኮንቴይነር መርከብ ኤቨር ጊቭን 400 ሜትር ትረዝማለች። መሣሪያ አጥታ አልነበረም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሮያል ማጀስቲ የተባለችው የመንገደኞች መርከብ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የጂፒኤሱ አንቴና ገመድ ተነቀለ። መሣሪያው አልጠፋም፤ ከሳተላይት ይልቅ በግምት ቦታ ማሳየቱን ቀጠለ። ከ34 ሰዓት ገደማ በኋላ አሜሪካ አጠገብ ደለል ላይ ስትወጣ ከመንገዷ 17 ማይል ስታ ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት ከሌላ መሣሪያ ጋር ያስተያየ ሰው የለም። እንግዲህ ስትሠሩ ጂፒኤሱን ከራዳር፣ ራዳሩን ከመስኮቱ ጋር አስተያዩ።

ጣና ላይ ያላችሁ፣ ስልካችሁ ሐይቁን ሰማያዊ አድርጎ ነው የሚያሳያችሁ፣ ጥልቀቱን አይነግራችሁም። ሐይቁ ደግሞ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው፣ በ1995 ዓ.ም. ውሃው ሲቀንስ ጀልባዎች መንቀሳቀስ አቅቷቸው ነበር። ስለዚህ ድንጋይና ደለል ስልካችሁ ላይ ስታመለክቱ ቀኑንም ጻፉበት። መስከረም ላይ ያለፋችሁበት ግንቦት ላይ አያሳልፍም። ርካሽ የጥልቀት መለኪያ ከገዛችሁ ከማንኛውም አፕ ይበልጣል።

እንቦጩ ንፋስ በነዳው ቁጥር ቦታ ይቀይራል፣ ካርታ ላይ አትፈልጉት። የደንገል ታንኳም ኤአይኤስ የለው፣ ራዳር ላይም እምብዛም አይታይ። ጎህ ሳይቀድ ከወጣችሁ አንድ ሰው ፊት ላይ ቆሞ ይመልከት፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ።