ሞሰብ፣ የሐበሻ ቀሚስና በርበሬ ወደ ጀርመን ለመላክ ለጠየቁት እህታችን

ጥያቄዎን አነበብሁት። እናትዎ ከደሴ በአውቶቡስ የሚልኩልዎትን በርበሬና ሽሮ አዲስ አበባ ከሚገዙት ሞሰብ፣ ጀበናና የሐበሻ ቀሚስ ጋር አድርገው ፍራንክፈርት ላለችው እህትዎ ለሠርጓ መላክ ይፈልጋሉ፤ በፖስታ ቤት ይሻላል ወይስ በግል ፈጣን መልእክት ድርጅት፣ ዕቃውስ እንዴት ይታሸጋል ነው ያሉት። እኔም እዚያው ጀርመን ለምትኖር ልጄ ለዓመታት ስልክ የቆየሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ያየሁትንና ዋጋ ያስከፈለኝን ነገር በቅደም ተከተል ልጻፍልዎት።

አንደኛ፣ ከሁሉ በፊት ሜትር ያዘጋጁ። ሚዛን አላልሁም፤ ልብስ ሰፊ የሚይዘው ሜትር ይበቃዎታል። የግል ፈጣን መልእክት ድርጅቶች፣ ዲኤችኤልም ይሁን ፌዴክስ ወይም ዩፒኤስ፣ ዕቃውን በሚዛን ብቻ አያስከፍሉም። የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ5,000 ያካፍሉና የሚወጣውን ቁጥር እንደ ኪሎ ይቆጥሩታል፤ ከሚዛኑ ኪሎና ከዚህኛው ኪሎ በሚበልጠው ላይ ነው ዋጋው የሚሰላው። ሞሰብ ደግሞ ለዚህ ስሌት ክፉ ዕቃ ነው፤ ክብደት የለውም፣ ውስጡም ባዶ ነው፣ ቦታ ግን ይይዛል።

እኔ ሞሰብ ስልክ ይህንን አውቄ ስለነበር ካርቶኑን በሞሰቡ ልክ ራሴ ቆርጬ 50 በ50 በ45 ሴንቲ ሜትር አድርጌ አዘጋጀሁት። በሚዛን 9 ኪሎ ሲሆን በስሌቱ ግን 22 ኪሎ ተኩል ይመጣል፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ አስልቼ፣ ገንዘቡንም በዚያው ልክ ይዤ ሄድሁ። ዕቃውን የተረከበኝ ስሙን የማልጠራው አንድ ወኪል ቢሮ ነው፤ ወኪል ማለቴ ዕቃ ከደንበኛ ሰብስበው ለትልልቆቹ ድርጅቶች ከሚያስረክቡት አንዱ ማለቴ ነው። በ22 ኪሎ ተኩል አስከፍለውኝ ደረሰኝ ሰጡኝ። በማግስቱ ተደወለልኝና «ዕቃዎ 43 ኪሎ ሆኖ ስለተገኘ ልዩነቱን ካልከፈሉ አይወጣም» ተባልሁ። ሂሳቡ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ማለት ነው።

ስሄድ ያገኘሁት ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እኔ በልኩ ያዘጋጀሁትን ካርቶን ሳይጠይቁኝ በራሳቸው 60 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ውስጥ ከትተው፣ በዙሪያው የቀረውን ክፍተት በጋዜጣ ጎስጉሰውበታል። ያ ሁሉ ተጨማሪ ኪሎ የጋዜጣና የአየር ኪሎ ነበር። ለልጅቷ ይህንን ባስረዳት ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «ጋሼ፣ ሲስተሙ ነው ያሰላው» አለችኝ። ኃላፊውን ጥሪልኝ ብላት ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልሁ፤ ስብሰባው እስኪያልቅ እጠብቃለሁ ብዬ ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ኃላፊው ከስብሰባ ሳይሆን ከምሳ ሲመለሱ ሜትሬን ከኪሴ አውጥቼ የእነርሱን ካርቶን፣ ቀጥሎም የእኔን ለካሁና ሁለቱንም ስሌት በደረሰኙ ጀርባ ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው። ማንም ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ ዕቃው ግን በራሴ ካርቶን፣ በመጀመሪያው ዋጋ ሄዷል። በዚህ ዕድሜዬ ከጎረምሳ ጋር ተከራክሬ ያሸነፍሁት በማባዛትና በማካፈል ነው ብዬ ለልጄ እስከ አሁን እነግራታለሁ።

ስለዚህ እህቴ፣ ከመክፈልዎ በፊት ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው በደረሰኙ ላይ በቁጥር እንዲሰፍር ያድርጉ፤ ካርቶን እንዳይቀየርም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያስይዙ። ዋጋውን በብር አልጽፍልዎትም፤ ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያኔ የከፈልሁት ለዛሬ ምንም አይነግርዎትም። ሌላው፣ ሞሰቡን ባዶውን መላክ ገንዘብ መጣል ነው። የሚከፈለው በ22 ኪሎ ከሆነና ሚዛኑ 9 ኪሎ ብቻ ካነሣ፣ ቀሪው 13 ኪሎ ያህል አስቀድሞ ሂሳቡ የተከፈለበት ቦታ ነው፤ ቀሚሱን፣ ነጠላውን፣ በደንብ የታሸገውንም ሽሮ በሞሰቡ ሆድ ውስጥ ይክተቱት። ይህንን ከእኔ በፊት ማንም አልነገረኝም፤ ወኪሎቹማ ለምን ብለው ይነግሩኛል። ከሁሉ የሚሻለው ግን፣ የሚሄድ ሰው ካገኙ ሞሰቡን በሰው እጅ መላክ ነው። በአየር መንገድ ለሚጫን ሻንጣ የተለመደው ገደብ የርዝመት፣ የወርድና የከፍታ ድምር 158 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ የእኔ ካርቶን ድምሩ 145 ነበር፤ ያልፋል። ለሰው ሲሰጡ ግን ሳያሽጉ፣ ተጓዡ እያንዳንዱን ነገር በዓይኑ አይቶ ራሱ እንዲያሽገው ያድርጉ፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣውን ማን አዘጋጀው ተብሎ የሚጠየቀው እርሱ ነው።

ሁለተኛ፣ በፖስታ ቤትም ሆነ በግል ድርጅት ዕቃውን ቤትዎ አሽገው አይሂዱ። ፈታሹ ፊት ሁሉም ነገር ይወጣል፤ ጥብቅ አድርገው የጠቀለሉት ጀበና እንኳ ይፈታል። ፕላስተር፣ መቀስ፣ ወፍራም እስክሪብቶና ትርፍ ፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ እዚያ የሚሸጠው ፕላስተር ውድ ነው፣ አንዳንዴም አይኖርም። ጀበናውን በተመለከተ፣ የሚሰበረው አንገቱና እጀታው ላይ ስለሆነ ሆዱን ብቻ ጠቅልለው አይተዉት፤ በአንገቱ ዙሪያ ጨርቅ እየጠመጠሙ ከሆዱ ውፍረት ጋር ካስተካከሉት በኋላ በካርቶኑ መሐል እንጂ ጥግ ላይ አያስቀምጡት።

በርበሬው ከቀሚሱ ጋር በአንድ ካርቶን ባይሄድ እመርጣለሁ። የግድ ከሆነ ግን እንዲህ ያድርጉ፦ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ከጨመሩ በኋላ አየሩን በእጅዎ ገፍተው ያስወጡት፤ አፉን ሁለት ጊዜ አጥፈው እጥፋቱን በሻማ ነበልባል አጠገብ ቶሎ ቶሎ ያሳልፉት፤ ላስቲኩ ይቀልጥና ይጣበቃል። ነበልባሉ ላይ ካቆዩት ይበሳል። ከዚያ በሁለተኛ ላስቲክ ደግመው፣ ክዳኑ የሚጠብቅ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይክተቱት። ነጭ ቀሚስ ላይ የተበተነ በርበሬ አጥቦ ማስለቀቅ የሚችል ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

እናትዎ ከደሴ ሲልኩ ደግሞ ከአውቶቡሱ ረዳት ስም ይልቅ የሰሌዳ ቁጥሩን ይያዙ፤ ረዳት በመንገድ ላይ ይቀያየራል። የእርስዎ ስልክ በማዳበሪያው ላይ በሁለት ቦታ ይጻፍ፤ አንድ ወረቀት ደግሞ ውስጥ ይግባ። ቅቤ ወይም ቋንጣ «ለሙሽራዋ» ብለው እንዳይጨምሩበት ከአሁኑ ይንገሯቸው፤ እናት መቼም ትጨምራለች። የአውሮፓ ኅብረት ከኅብረቱ ውጭ በግለሰብ የሚላክ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አይቀበልም፤ ንጥር ቅቤም ከወተት ተዋጽኦ ውስጥ ነው። ከተገኘ ይወገዳል፣ ሌላውንም ዕቃ ያስይዛል። እርጥብ ጤና አዳምም ቢሆን የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ሳይኖረው አይገባም። ቡና ከላኩ የተቆላ ይሁንና ከግማሽ ኪሎ አይለፍ፤ ጀርመን ለተቆላ ቡና የተለየ ግብር አላት፣ በስጦታ ጥቅል ከዚህ ነጻ የሚሆነው 500 ግራም ብቻ ነው። የብር መስቀል ወይም አሮጌ የብራና ነገር ካለ ደግሞ ከቅርስ ባለሥልጣን የማረጋገጫ ወረቀት ሳይያዝ ከአገር ስለማይወጣ፣ አዲስ ዕቃ መሆኑን የሚገልጸውን ወረቀት አስቀድመው ያውጡ።

ሦስተኛው ነገር ለጉምሩክ የሚሞላው የዕቃ ዝርዝር ማስታወቂያ ነው። «ስጦታ» ብለው ብቻ አይጻፉ፤ «የጥጥ ቀሚስ 1፣ የሸክላ ጀበና 1፣ የተፈጨ በርበሬ 2 ኪሎ» እያሉ በእንግሊዝኛ ከነዋጋው ይዘርዝሩ። ከግለሰብ ለግለሰብ፣ ያለ ክፍያ የሚላክ ስጦታ እስከ 45 ዩሮ ድረስ ያለ ቀረጥ ይገባል። የሠርግ ቀሚስ ከዚህ እንደሚበልጥ እርስዎም እኔም እናውቃለን፤ ስለዚህ እውነተኛውን ዋጋ ጽፈው እህትዎ እዚያ የምትከፍለው እንዳለ ይንገሯት። ዋጋ አሳንሶ መጻፍን እንደ ብልሃት የሚመክሩ አሉ፤ የጉምሩክ ሠራተኛው የጥልፉን ሥራ በዓይኑ እያየ አሥር ዩሮ ነው ሲባል እንደማያምን ግን አያስቡም። የሽሮ ሜዳ ነጋዴ የሰጠዎትን ደረሰኝ ሲያያይዙ ቀኑን ይመልከቱ፦ በእኛ አቆጣጠር 2018 ተብሎ ከተጻፈ፣ ጀርመን ላይ የሚያነበው ሰው የብዙ ዓመት አሮጌ ደረሰኝ መስሎት ይመልሰዋል። የፈረንጁን ቀን አጠገቡ ያስጽፉ።

አድራሻ ላይ ደግሞ ጠንቀቅ ይበሉ። ጀርመን ውስጥ እንደ አሜሪካ የአፓርታማ ቁጥር አይጻፍም፤ አድራሹ የሚፈልገው በሩ ደወል ላይ የተለጠፈውን ስም ነው። ልጄ መጀመሪያ ላይ ከሌላ ሰው ጋር ተጋርታ ስለምትኖር ደወሉ ላይ የነበረው የቤቱ ተከራይ ስም ብቻ ነበር፤ እኔ የእርሷን ስም ከነአያቷ አሟልቼ ጽፌ የላክሁት ጥቅል ተቀባይ አልተገኘም ተብሎ ተመለሰ፤ የመመለሻውንም ለማስከፈል የሞከሩ ነበሩ። እህትዎን ዛሬውኑ ደውለው ደወሉ ላይ ማን ተብሎ እንደተጻፈ፣ በፓስፖርቷ ላይም ስሟ በየትኞቹ ፊደላት እንደሰፈረ ይጠይቋት። ቤት ውስጥ ሚሚ የምትባል ከሆነች ሚሚን እዚህ ይተዉት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ፦ እኔ ብሆን ቀን የተቆረጠለትን ቀሚስ በግል ድርጅት፣ በርበሬና ሽሮውን በፖስታ ቤቱ ፈጣን መልእክት አገልግሎት በኢ.ኤም.ኤስ.፣ ሞሰቡን በሰው እጅ እልክ ነበር። ፖስታ ቤታችን ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ተቋም ስለሆነ ወረፋውም የዚያን ያህል ያረጀ ይመስላል፤ ሆኖም በእኔ ልምድ ሠራተኞቹ ዕቃ አይለውጡም፣ ካርቶንም አያሳብጡም። የሚሰጥዎት መከታተያ ቁጥር በሁለት የላቲን ፊደል ጀምሮ ዘጠኝ አኃዝ አስከትሎ በኢትዮጵያ መለያ በኢ እና ቲ የሚያልቅ 13 ምልክት ነው፤ ከዚያ ካነሰ ወይም የመጨረሻው ፊደል ካልተነበበ እዚያው መስኮቱ ላይ ያስተካክሉ። ጥቅሉ ጀርመን ገብቶ ጉምሩክ ላይ ቆሟል የሚል መልእክት ካዩ አዲስ አበባ ያለውን ቢሮ አይመላለሱበት፤ ምንም አያደርጉልዎትም። ያኔ ጀርመኖች ጾልአምት ወደሚሉት የአካባቢዋ የጉምሩክ ቢሮ መታወቂያዋንና ደረሰኙን ይዛ መሄድ ያለባት እህትዎ ናት፤ ስለዚህ የደረሰኙንና የዕቃ ዝርዝሩን ፎቶ ዕቃው ከመነሣቱ በፊት በቴሌግራም ይላኩላት።